ርዝመቱን ያዩ፣ ወርዱን የሚያውቁ

እስቲ ቀረብ በሉና ላውጋችሁ። ወሬዬ የጀልባ ወሬ ነው፤ አገሩ ግን መካነ ሰላም ነው። ባሕር በሌለበት በቦረና ደጋ ጀልባ ምን ሊሠራ የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የዘለቀ መንገደኛ መካነ ሰላም ይገባል። ከተማዋ ደጋ ላይ ናት፤ ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው ዙሪያዋን ከቧታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሲሄዱ ግን ምድሩ ያልቃል። እውነቴን ነው፣ ያልቃል። ገበሬው ማሳው ጫፍ ደርሶ በሬዎቹን ሲመልስ ከፊቱ ያለው ባዶ አየር ነው። ከዚያ ሥር፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ አባይ ይሄዳል። በሰሜን በሽሎ አገሩን ቆርጦታል፣ በደቡብ ወለቃ፣ በምዕራብ ራሱ አባይ። ቦረናና ሳይንት እንዲህ በሦስት ወገን በገደልና በውሃ ታጥረው፣ ወንዝ ሳይሻገሩ የሚወጡበት በር በምሥራቅ ብቻ ነው። ደሴት ለመባል አንድ ጎን ነው የቀራቸው።

ማዶ ጎጃም ነው። ጀምበር ስትወጣ የማዶው ቤት ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ከዚህ ይታያል። ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ያንን ሽቅብ ወጥቶ መድረስ ግን ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ቆላ ያሳድራል። ቆላው ይፋጃል፤ ወባ አለበት፤ ውሃው ውስጥ አዞና ጉማሬ አለ። ሰው ግን ይሻገራል። ማዶ ገበያ አለ፣ ጋብቻ አለ፣ ጠበል አለ፣ የሚካሰስበት ወሰን አለ፣ የሚለቀስለት ዘመድ አለ።

የነገሬን ፍሬ ከወዲሁ ላስቀምጠው። አባይን በርዝመቱ ያዩት ከሩቅ የመጡ ጀልበኞች ናቸው። በወርዱ የሚያውቀው የዳሩ ሰው ነው። የጀልበኞቹን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታዩት፣ የቀናውም የከሸፈውም ጉዞ ከወርዱና ከወርዱ ሰዎች ጋር በነበረው ነገር የተወሰነ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ጀልባ የሚመራ አስጎብኚ የሚነሣ ከሆነ ከዳሩ መነሣት አለበት እላለሁ።

መጀመሪያ የድሮውን መሻገር ላሳያችሁ። ክረምት አልፎ ውሃው ጎደል ሲል ዋናተኛው ዳር ላይ ይቆማል። ቀድሞ የሚያየው ማዶውን ነው፤ የት እንደሚወጣ። አባይ የያዘውን ሰው ይዞ ይወርዳልና፣ የሚገባበት ቦታ ከሚወጣበት ርቆ ወደ ላይ መሆን አለበት። መግቢያውን ከመረጠ በኋላ ጓዙን ይሰበስባል። እህሉ፣ አሞሌው፣ ልብሱ በጀንዲ ይጠቀለላል፤ ጀንዲ የለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ጠርዙ ተሰብስቦ በጠፍር ሲታሰር ውሃ እንዳያስገባ ዋናተኛው ጉልበቱን ጥቅሉ ላይ ተክሎ በሁለት እጁ ይስባል። ዋና የማይችል መንገደኛ ጥቅሉን አቅፎ ይገባል፤ ዋናተኛው ከጎኑ እየዋኘ ሰያፍ አድርጎ ይገፋዋል። «እናቴ፣ ውሃውን አይዩ፤ ዓይንዎን ማዶ ዛፏ ላይ ያድርጉ» ይላል። የሚሮጥ ውሃ ላይ ያፈጠጠ ሰው ራሱ ይዞርበታልና። ዛሬ ጀሪካንና የመኪና የውስጥ ጎማ የጀንዲን ቦታ ወስደዋል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። ማዶውን ማየት፣ ከላይ መግባት፣ ሰያፍ መሄድ። በዓለም ላይ በጎማ ጀልባ ሰው የሚያጓጉዙ መሪዎች በስልጠና ከሚማሯቸው መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ላይ ሰያፍ አዙሮ ወንዙ ራሱ እንዲያሻግረው ማድረግ። የእኛ ዋናተኞች ይህን ከአባቶቻቸው ነው የተቀበሉት።

አሁን ወደ ጀልበኞቹ ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ ታሪኩ የተጻፈው በእነሱ ነውና።

በ1903 ዊልያም ኖርዝረፕ ማክሚላን የሚባል ባለጸጋ አሜሪካዊ ብረት ጀልባ አስጭኖ መጣ። ዘመኑ የአጼ ምኒልክ ነው። አሳቡ አባይን ከኢትዮጵያ ደጋ ሥር ይዞ ሱዳን ድረስ መውረድ ነበር። ጀልባዎቹ ገደል ተወርዶባቸው፣ ተገጣጥመው ውሃ ላይ ተቀመጡ፤ ብዙም ሳይርቁ ድንጋይ ሰባበራቸው። ጉዞው እዚያው አለቀ።

ከእሱ በኋላ ብልህ ሰው መጣ። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። በዚያን ጊዜ በካርታ ላይ የአባይ መካከለኛ ክፍል በነጠብጣብ መስመር ይሣል ነበር፤ ማንም አልለካውምና። ቺዝማን ጀልባ አልያዘም። በበቅሎ ገደሉን አፋፍ አፋፉን ሄደ፤ የአገሬው ሰው ወደሚሻገርበት በር ሲደርስ ይወርዳል፣ ይለካል፣ ይጠይቃል፣ መልሶ ይወጣል። የወንዙን ካርታ የሠራው ከመሻገሪያ መሻገሪያ እየሰፋ ነው ማለት ነው። መጽሐፉ «ጣና ሐይቅና ብሉ ናይል» በ1936 ታትሟል። ከፈረንጆቹ ሁሉ የወርዱን ሰው እውቀት እንደ እውቀት የተቀበለ እሱ ይመስለኛል፤ ያከበርኩትም ለዚህ ነው።

ከዚያ የታንኳና የካያክ ዘመን መጣ። በ1962 ከፈረንሳይና ከስዊስ የመጡ ቀዛፊዎች ከሸፋርታክ ድልድይ ተነሥተው ወረዱ። ድልድዩን ታውቁታላችሁ፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሄዱ አባይን የሚሻገሩበት ነው። ሱዳን ጠረፍ ሊደርሱ ሲቃረቡ ሌሊት በሰፈሩበት ጥይት ተተኮሰባቸው፤ ሁለቱ ሞቱ። በ1965 አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ ከዚያው ድልድይ ተነሥቶ ብቻውን ካርቱም ደረሰ። በ1972 ማይክ ጆንስ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር የላይኛውን ክፍል በካያክ ሲወርድ እነሱም ላይ ተተኮሰ።

ለምን ተተኮሰ? ሽፍታው ሽፍታ ነው፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ነገር ግን አንድ ነገር አስቡ። በእኛ አገር እንግዳ በደጅ ነው የሚመጣው። ከሩቅ ይታያል፣ ውሻ ይጮህበታል፣ አጥሩ ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። ውሃ የያዘው ሰው ግን በጓሮ ነው የሚገባው። ሰው ከማይመጣበት አቅጣጫ፣ በማይታወቅ ልብስ፣ ሳይጣራ ከች ይላል። ማታ እሳት አንድዶ ያድርና ጠዋት የለም። ሰላማዊው ገበሬ እንኳ ይህን ሲያይ ጠመንጃውን ይፈልጋል።

የ1968ቱን ጉዞ ለብቻው አስቀርቼዋለሁ፤ ትልቁ እሱ ነውና። ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተባለ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲስ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ፣ ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ደግፎት፣ ስድሳ ያህል ሰው ይዞ መጣ። ወታደሮችና ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። ቀለብ በትንሽ አውሮፕላን ይጣልላቸው ነበር። ከሸፋርታክ በታች ያለውን ሞተር በተገጠመለት የጦር ጀልባ ወረዱት። ከጣና እስከ ሸፋርታክ ላለው ድንጋያማ ክፍል ደግሞ አየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ አመጡ። የጎማ ጀልባ ድንጋይ ሲመታው አይሰበርም፤ ይጣጠፍና ይነጥራል። የማክሚላን ብረት ያልቻለውን ጎማ ቻለው። እንዲህም ሆኖ ጀልባ ተገልብጧል፣ ፏፏቴ ሲገጥማቸው ጀልባውን በገመድ እያንጠለጠሉ አውርደዋል፣ ሌሊት ተኩስ ተከፍቶባቸዋል።

በዚያ ጉዞ አንድ ሰው ሞተ። ኢያን ማክሌውድ ይባላል፤ የብላክ ዋች ክፍለ ጦር አስር አለቃ። የሞተው ግን በፏፏቴ ላይ አይደለም፣ በጥይትም አይደለም። ወደ አባይ የሚገባ አንድ ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ያን ሁሉ ርዝመት ያለፈ ሰው በወርድ ሞተ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ዳሩ ላይ አንድ ዋናተኛ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ያ ዋናተኛ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ በየትኛው ሰዓት ውሃው እንደሚጎድል ያውቅ ነበር። በጉዞው አብሮ የነበረው ሪቻርድ ስኔልሃም ታሪኩን በ1970 በመጽሐፍ አሳትሞታል።

የጀልባ አስጎብኚነት ሙያውም ከእኛው ወንዝ ጋር ታሪክ አለው። በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረደ። ኦሞ አዞ የበዛበት ስለሆነ ለድርጅታቸው በግብፆች የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ አሉት። ከዚያ ከፍሎ የሚመጣ እንግዳ ይዘው ለሳምንታት ኦሞን ይወርዱ ጀመር። በዓለም ዙሪያ ዛሬ በየወንዙና በየደሴቱ በትንሽ ጀልባ ሰው ከሚያስጎበኙ ድርጅቶች መካከል የሶቤክን መንገድ የተከተሉ አሉ። በ1996 ባንግስ ተመልሶ ተከዜን ወረደ። የኦሞው መንገድ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ጊቤ ሦስት ግድብ በ2016 ተመርቋል፤ ሸለቆው ውሃ ሞልቶበታል።

በጀልባ ሰው የሚመራ ምን ያውቃል? ውሃው ሁለት ድንጋይ መካከል ሲገባ ለስላሳ ምላስ ይሠራል፤ በምላሱ ላይ ይገባል። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል፤ እዚያ ያርፋል። ውሃው እኩል መስመር ላይ በድንገት ሲጠፋና ጭስ መሰል ነገር ሲነሣ ፏፏቴ ነው፤ ወዲያው ዳር ይይዛል፣ ወርዶ በእግሩ ያያል። የወደቀ ሰው እግሩን ወደ ፊት አድርጎ በጀርባው ይንሳፈፋል፤ ለመቆም አይሞክርም፤ እግር ድንጋይ ሥር ከተቀረቀረ ውሃው ያጎነብሰዋልና። ይህ ሁሉ በወራት የሚለመድ ነው። በወራት የማይለመደው የሰውና የአየር ነገር ነው።

ለምሳሌ ጀልባው ሊመሽበት ሲል አንድ ዳር ይይዛል እንበል። መሪው እንግዶቹን ጀልባው ላይ ትቶ ብቻውን ይወጣል።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማን ነህ አንተ? ከውሃ ነው እንዴ የወጣኸው?»

«የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ፣ አባባ። እነዚህ እንግዶቼ ናቸው፤ ከላይ ከድልድዩ ነው የተነሣነው። ከፈቀዱልን አሸዋው ላይ እናድር ብዬ ነው።»

«የማን ልጅ ነህ?»

ይነግራቸዋል። አያቱን ያውቃሉ፤ ወይም አያቱን የሚያውቅ ያውቃሉ።

«አሸዋው ላይ አትደሩ ልጄ። ትናንት በሳይንት በኩል ጥቁር ደመና አይተናል። ከዚያች ሾላ በላይ ውጡ። እንጨት ይሰጧችኋል።»

የዚያን ሌሊት በሽሎ ደራሽ ቢያመጣ የሚተርፉት በእኒያ ሰው ምክር ነው። ደራሽ ጎርፍ ዝናብ ያልዘነበበት ቦታ ላይ ነው ሰው የሚወስደው፤ ደመናውን ያየው ደጋ ላይ ያለው ሰው ነው።

አሁን ከሁሉ የምወደውን ልንገራችሁ። ከበሽሎ መገናኛ በላይ፣ በሞጣና በእስቴ በኩል ባለው አገር መካከል፣ ሰባራ ድልድይ አለ። በአጼ ፋሲል ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለስልሳ ዓመት ያህል የጎጃምና የጎንደር ሰው በገመድ ይሻገር ነበር። በሰባራው ጫፍ በዚህ በኩል ጥቂት ጎልማሶች፣ በዚያ በኩል ጥቂት ጎልማሶች ቆመው ገመዱን ይዘረጋሉ። ተሻጋሪው ገመዱን ወገቡ ላይ ያስራል፤ ከሥሩ አባይ እየጮኸ በእጃቸው ጉልበት ይጎተታል። ነጋዴው በዚያ ያልፋል፣ በሽተኛው በዚያ ያልፋል፣ ሙሽራም በዚያ ያልፋል።

በ1999 የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ቡድን ከጣና ተነሥቶ በጎማ ጀልባ እስከ ሱዳን ጠረፍ ወረደ። ጸሐፊዋ ቨርጂኒያ ሞረል፣ ፎቶ አንሺዋ ኔቫዳ ዊር ነበሩ። ሰባራ ድልድይ ሲደርሱ ዊር ቀና ብላ ያንን በገመድ የሚሻገር ሰው አነሣችው። ፎቶው በታኅሣሥ 2000 ወጣ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ኬን ፍራንትዝ የሚባል የግንባታ ሥራ ተቋራጭ መኪናው እስኪጠገን ተቀምጦ መጽሔቱን ሲያገላብጥ ያንን ሥዕል አየ። ሰውየው ሥራው ግንባታ ነው፤ የፈረሰውን ክፍተት ሲያይ ሊደፈን የሚችል መሆኑ ታየው። በዚያው ዓመት ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ሰባራ ድልድይ ተጠገነ። ዕቃው ወደዚያ ገደል የወረደው በአህያና በሰው ትከሻ ነው። በ2005 የክረምት ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ገጠር ድልድይ ሠርቷል፤ የሁሉም መነሻ ያ ገመድ ነው።

አያችሁ? ከነዚያ ሁሉ የጀልባ ጉዞዎች ለዳሩ ሰው የሚታይ ነገር ትቶ ያለፈው ይህ የ1999ኙ ነው። ጀልባው ለአንድ አፍታ ርዝመቱን ትቶ ወርዱን ቀና ብሎ ስላየ ድልድይ ተሠራ። ሌሎቹ ጉዞዎች ጀግንነት ነበራቸው፤ አልክድም። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከአባይ ምንጭ ከሰከላ ተነሥተው በ114 ቀን እስክንድርያ ሜዲትራንያን ባሕር በ2004 ደርሰዋል፤ ፊልምም ተሠርቶበታል። ትልቅ ሥራ ነው። ሰባራ ድልድይ ላይ ግን ዛሬ ልጅ ይዛ የምትሻገር እናት አለች።

እንግዲህ ወደ ቦረና ልመለስ። የዚህ አገር ልጅ ጀልባ ቢመራ ለእንግዳው ምን ያሳየዋል?

ወሬውን ከጣና ይጀምር። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት በኦሪቱ ዘመን መሥዋዕት ይሠዋባቸው ነበር የሚባሉት አራት ቦታዎች አክሱም ጽዮን፣ ጣና ቂርቆስ፣ መርጡለ ማርያምና ተድባበ ማርያም ናቸው። ጣና ቂርቆስ ደሴት ናት፤ በታንኳ ነው የሚደረስባት። መርጡለ ማርያም ከአባይ ማዶ በጎጃም ናት፤ ተድባበ ማርያም ከወዲህ በሳይንት። አራት ከሚባሉት ሦስቱ የአንድ ወንዝ ናቸው፤ አንዷ ውሃ መካከል፣ ሁለቱ በወንዙ ግራና ቀኝ ሆነው። የትኛውም የውጭ አስጎብኚ ይህን ለእንግዳው ሲናገር አልሰማሁም።

ከዚያ ጋስጫ አለ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ፣ የዚህ የቦረና ሰው ነው፤ ገዳሙም እዚሁ ነው። የተማረው በሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ ያ ገዳም በዘመኑ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። በዚያን ጊዜ ወሎ ውስጥ በጀልባ ተሻግሮ መጽሐፍ የሚማር ተማሪ ነበር ማለት ነው።

በሰሜን ደግሞ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው። ከፍታው ከ3,500 ሜትር በላይ ይደርሳል። አስታው፣ ጓሳው፣ ጅባራው በብርድ ቆሟል። ጭላዳ በመንጋ ይግጣል፤ የታደለ ሰው ቀይ ቀበሮ ያያል። ጠዋት ደመና ሸለቆውን ሲሞላው የተራራው ራስ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ጠዋት እዚህ በጋቢ ተጠቅልሎ የቆመ እንግዳ በማግሥቱ አባይ ዳር ሸሚዙን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። በሁለት ቀን የእግር ጉዞ ይህን ሁሉ የአየር ለውጥ የሚሰጥ አገር ብዙ አይደለም።

ገደሉም ራሱ መጽሐፍ ነው። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። በደጀንና በጃማ በኩል ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። ይህ አገር በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ በታች አሸዋ ድንጋዩ አለ። ጀልባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያነባል፤ አፋፍ ላይ የቆመ አያየውም።

ዛሬ ነገሩ ተለዋውጧል። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ጉንደወይን የሚወርደው መንገድ አባይን በድልድይ ይሻገራል። ጀንዲ ያስር የነበረው ሰው ልጅ በአይሱዙ ያልፋል፤ ደስ ይበለው። ጣና ላይም ውሃው እንደ ድሮው በራሱ ፈቃድ አይወጣም። በ1996 መውጫው ላይ በር ተሠርቶለታል፤ ከ2010 ጀምሮም ብዙው ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። ስለዚህ የላይኛው ክፍል በበጋ ውሃው ያንሳል፤ ከበሽሎ በታች ያለው የቦረናው ክፍል ግን በገባሮቹ ይደገፋል። ለጀልባ የሚሻለው ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ታች ጉባ ላይ ደግሞ የሕዳሴው ግድብ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘው ንጋት ሐይቅ ኮረብታውን ከቦ ራስ ራሱን ደሴት አድርጎታል። እዚያ ጀልባ የሚነዳ፣ ደሴት የሚያሳይ ወጣት ያስፈልጋል፤ ያን ወጣት ከወንዙ ልጆች መካከል ካልፈለግነው ከሌላ አገር ልናስመጣው ነው።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን የተነሣው ግጭት እንግዳውን አርቆታል፤ አስጎብኚውም ቤቱ ተቀምጧል። ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ ጥይት እየጮኸ ጀልባ አውርዱ የሚል ሰው የለም። ዝግጅቱ ግን ሰላም እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ዋናተኞቹ እያረጁ ነው። የትኛው በር ላይ አዞ እንደሚውል፣ የትኛው ገባር መቼ እንደሚሞላ፣ የትኛው መንደር ለእንግዳ ማን እንደሚቆም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ወጣት ደብተር ይዞ ከነሱ ጋር ቢወርድ ያ እውቀት ይተርፋል።

እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ጉዞ እንዲህ አደርገዋለሁ። ወሩ ኅዳር ይሁን፤ ውሃው ጎድሏል፣ ቆላው ገና አልነደደም። እንግዶቹ ሁለት ሌሊት ደንቆሮ ያድራሉ፤ ጋስጫን ይሳለማሉ። ከዚያ በእግር ይወርዳሉ፣ ጓዙን አህያ ይይዛል። ድልድዩ ሥር ጀልባው ይነፋል፤ እያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬቱን ያጠብቃል። በፊት ጀልባ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣሉ፤ አንዱ በመቅዘፊያ የሰለጠነ ወጣት፣ ሌላው የዳሩ ዋናተኛ። ከአንድ ቀን በፊት በየመሻገሪያው መልእክተኛ በእግር ይላካል፤ ጀልባ እንደሚያልፍ፣ የማን ልጅ እንደሚመራው ይነገራል። ወለቃ ሲገባ አንድ አዳር፣ ጃማ ሲገባ ሌላ አዳር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸፋርታክ ላይ ሁለቱ ድልድዮች፣ አሮጌውና ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ፣ ጎን ለጎን ብቅ ይላሉ፤ በግራው ዳር ጀልባው ይተነፍሳል፣ ይታጠፋል፣ ከጎሐ ጽዮን የወረደው መኪና ላይ ይጫናል። ዋናተኛው የቀን አበሉን ከወጣቱ እኩል ተቀብሎ በጉንደወይን በኩል ወደ ቦረና ይመለሳል።